መብራት ከተመለሰ በኋላ የደረሰው መልእክት

የሱቁን በር የከፈቱት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ማንአለሽ ባሏ ይታየው ሳይመጣ አድሮባት ትርፍ ቁልፉን ይዛ እየተቻኮለች መጥታለች፤ አበባየሁ ደግሞ የተማሪዎቿን ፈተና ለማሳተም ቅዳሜ በማለዳ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ማንአለሽ ስታያት ፊቷን አዞረች። ለምን እንዳዞረች አበባየሁ የገባት ቆይቶ ነው። በሩ ተከፈተ። ይታየው ከወንበሩ ሥር በደረቱ ተደፍቷል፤ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ያለው ጸጉር በደረቀ ደም ተጣብቋል።

ማንአለሽ እሪ ስትል አበባየሁ ተንገዳገደች። እንዳትወድቅ ጠረጴዛውን ስትደገፍ መዳፏ ኪቦርዱ ላይ፣ ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች ላይ አረፈ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር፤ ጥቂት ነጫጭ የእንግሊዝኛ መስመሮች ብቻ ይታዩበታል። መዳፏ ሲያርፍ መስመሮቹ ጠፉና ኮምፒውተሩ እያጓራ መነሳት ጀመረ። እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች።

ይህን በጩኸቱ ለመጡት ፖሊሶች ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ግን ማንአለሽ ቀደመቻት። ማታ ልጆቿን ስታስተኛ አብራ እንቅልፍ ወስዷት ያላየችውን፣ ጠዋት ስልኳ ላይ ያገኘችውን የባሏን የቴሌግራም መልእክት አነበበችላቸው፤ «ወንድማገኝ ሱቅ መጥቶ ይዝትብኛል። አንድ ነገር ብሆን ከእሱ ራስ አትውረዱ።»

ወንድማገኝ የአበባየሁ ታናሽ ወንድም ነው። እናት አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋች። አሁን «ኮምፒውተሩን ነክቻለሁ» ብትል፣ ማስረጃ ልታጠፋ ነው የማይላት ማን ነው?

የወገዳ ከተማም ፍርዷን ለመስጠት ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። በይታየው ሱቅ አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር አለ፤ በእሱ ላይ ኢሙሌተር የሚባል፣ የእጅ ስልክን በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚያስነሳ ፕሮግራም ተጭኗል። ወጣቶቹ የስልክ ጨዋታቸውን በሰፊው ስክሪን የሚጫወቱት በዚያ ነው። ይታየውም የራሱ ስልክ ውኃ ገብቶበት ከሞተ ወዲህ ቴሌግራሙን የሚከፍተው እዚያው ነበር። ስልክ ጠጋኙ ወንድማገኝ ባለፈው ሳምንት የፕሮግራሙን አቀማመጥ አስተካክሎ ሲሄድ ማሽኑ ጭራሽ ተንቀረፈፈ፤ የተማሪዎች ምዝገባ ሲሞላ ውሎ ደርቆ ቀረ፤ የተሞላውም ሁሉ ጠፋ። ይታየው በንዴት ወንድማገኝን በሰው ፊት በጥፊ አጮለው። ጥፊውን ያየ ሁሉ ዛሬ ምስክር ሆኗል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። የሟቹ ታላቅ ወንድም አበጀ ከእስቴ ተነስቷል፤ ጠመንጃውንም ይዟል። አበባየሁ እዚህ አገር ደም ችሎት ቀጠሮ እስኪሰጥ እንደማይጠብቅ ታውቃለች። ወንድሟ ፖሊስ ጣቢያ መታሰሩን እንኳ እንደ ጸጋ ቆጠረችው።

ዋና ኢንስፔክተር አላምረው ከደብረ ታቦር የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። አጭርና ቦርጫም፣ መንገዱ ወገቡን ቆርጦት የሚነጫነጭ ሰው ነው። ሬሳው ከተነሳ በኋላ አበባየሁን ወደ ሱቁ ጠርቶ ያየችውን እንድታሳየው ጠየቃት። አሳየችው፤ ከመዳፏ በቀር ሁሉን። እሱ ግን ደሙን ረስቶ የኮምፒውተሩን ሆድ በባትሪ እያበራ ማየት ያዘ።

«ደህና ግራፊክስ ካርድ አለው!» አለ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። «ራሙ ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ?» አለ መልካሙ። የይታየው ሸሪክ ነው፤ ነጠላውን ለኀዘን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ በሩ ላይ ቆሟል። «እኔ ሲም ካርድ ሻጭ ነኝ። ማሽኑ የእሱ ዓለም ነበር።»

«ትናንት መቼ ተለያያችሁ?»

«መብራት ሳይጠፋ። የገበያ ቀን ደክሞናል ብለን ልጆቹን በጊዜ አሰናብተን ነበር። እሱን ደህና ትቼው ወደ ማኅበር ሄድኩ። ልክ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስም እዚያው ነበርኩ። ቄስ ይግዛው ከጎኔ ነበሩ፤ ይጠይቋቸው። መልእክቱ የተላከው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው።»

«የመልእክቱን ሰዓት አልጠየቅኩህም።»

«ከተማው የሚያወራው ይኸንኑ አይደል?» መልካሙ እንባውን ጠረገ። «ጓጉንቸሩ እንደሆነ ያለ ቁልፍ ይዘጋል። ማንም ገጥሞት መሄድ ይችላል።»

አላምረው ራሱን ነቀነቀ። ሱቁን አሽጎ፣ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካ፣ ሶኬቱንም እንዳይነቅል አዝዞ ፖሊስ አቆመ።

አላምረው አበባየሁን አስከትሎ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነርሷ ሩት ሬሳውን አይታ ጨርሳ ነበር። «አንድ ምት ነው፤ በከባድ ብረት፣ ከኋላ» አለችው። «ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው የተመታው። ዞር እንኳ አላለም።»

«ከኋላው የቆመውን ሰው አልፈራውም ማለት ነው» አለ አላምረው። «ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ትናንት መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ?»

ሩት ገረማት። «አንዴ ብቻ። አመሻሽ ላይ ጠፍቶ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ እስካሁን አልጠፋም። የክትባት ማቀዝቀዣ አለብኝ፤ ቢጠፋ ጄኔሬተር የማስነሳው እኔ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ክትባቱ በእጄ ነው ያለው፤ እንዴት አልሆን?»

አላምረው ወጣ። አበባየሁ ለወንድሟ ምሳ ቋጥራ ስለነበር ተከትላው ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ወንድማገኝ በአንድ ቀን ከስቷል። ጥያቄ ሲጠብቅ የነበረው ስለ ግድያው ነው።

«ለኢሙሌተሩ ከፕሮሰሰሩ ስንት ኮር ሰጠኸው?» አለው አላምረው።

ልጁ እህቱን አየ፤ የሚያሾፉበት መሰለው። «አራት።»

«ራምስ?»

«ካለው አሥራ ስድስት ጊጋ ስምንቱን።»

«ግማሹን ብቻ?»

«አዎ። ሁሉን ከወሰደማ ኮምፒውተሩ ራሱ መተንፈሻ ያጣል። ግራፊክሱን በካርዱ እንዲሠራ አደረግኩ፣ የስክሪኑን ጥራት ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። እንደ ወፍ መብረር ነበረበት!» ንዴቱ ፍርሃቱን ለአፍታ አስረሳው። «ሌላ የተደበቀ ነገር ራሙን እየበላው ነው፣ ይመርመር አልኩት። ሰበብ አታብዛ ብሎ በጥፊ አለኝ።»

«ትናንት ለምን ወደ እሱ ሄድክ?»

«ራሱ ጽፎልኝ ነው። ከአርብ ገበያ ከተማ ስትመለስ ሱቅ ና፣ የምነግርህ አለ ይላል፤ ስልኬ ላይ አለ። መብራት ሲጠፋ እኔ ገና አይሱዙ ላይ ነበርኩ፤ አብረውኝ የተሳፈሩት ነጋዴዎች ሁሉ ምስክር ናቸው። ስደርስ ሱቁ በጓጉንቸር ተዘግቷል። ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ሲቀር ሄድኩ።» አንገቱን ደፋ። «ግን መልእክቱ የተላከው ከደረስኩ በኋላ ነው። አይሱዙው ምን ይጠቅመኛል?»

አበባየሁና አላምረው ሲወጡ ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ግንቡ ሥር፣ አንድ ጠና ያለ ሰው ተቀምጧል። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቧል፤ ከጋቢው ሥር የጠመንጃ ሰደፍ ብቅ ብሏል። ማንንም አይመለከትም፤ የጣቢያውን በር ብቻ ነው የሚያየው። አበጀ መሆኑን ማንም ሳይነግራት አወቀች። ወንድሟ ሰኞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ፣ ለመጸዳዳት እንኳ ሊወጣ፣ በዚያ በር ነው የሚያልፈው።

«ጌታዬ» አለች አበባየሁ። «አንድ ያልነገርኩዎት አለ።»

ነገረችው። ስለ መዳፏ፣ ስለ ጥቁሩ ስክሪን። አላምረው በአንዴ ከመነጫነጩ ወጣ።

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«በደንብ አላነበብኩትም። ሰዓትና ቀን ተበላሽቷል፣ ለመቀጠል ይህን ተጫን የሚል ዓይነት ነው።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ወንድሟን ልታድን ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ይሉሽ ነበር። እኔም እልሽ ነበር።» ወደ አበጀ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግነቱ ማሽኑ ወንድም የለውም።»

እሑድ ይታየው ተቀበረ። ከቀብር መልስ አላምረው ልቅሶ ቤት ገብቶ ከማንአለሽ አጠገብ ተቀመጠ። አበባየሁ ከሴቶቹ መሀል ሆና፣ ሰው ሁሉ በጎን እያያት፣ ትሰማለች።

«አርብ አርብ የሱቃችሁ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይወጣ የለ?» አላት። «መብራት ባይኖርስ?»

«ያኔም ይወጣል። መልካሙ ሐሙስ ጽፎ ሰዓት ይሞላለታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይሄዳል። ማሽኑ ቢጠፋም አይቀርም።»

«ባልሽ ስለ ወንድማገኝ የነገረሽ ነገር ነበር?»

ማንአለሽ ዙሪያዋን አየች፤ አበጀ እልፍኙ በር ላይ ነበር። ወደ አላምረው ጆሮ ተጠግታ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ምን እንዳለች አበባየሁ አልሰማችም፤ ስትጨርስ ግን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ስታለቅስ አየቻት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማንአለሽ፣ መልካሙ፣ ሩት፣ ቄስ ይግዛው፣ በካቴና የታሰረው ወንድማገኝና ከጎኑ አበባየሁ። አበጀ መጨረሻ ላይ ገባ። ቄስ ይግዛው እጃቸውን ዘረጉለት።

«ልጄ፣ መሣሪያህን ለእኔ።»

አበጀ የጥይት ካርታውን ነቅሎ ሰጣቸው። ጠመንጃውን ግን አልሰጠም፤ አፈ ሙዙን ወደ መሬት አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። በርሜሉ ውስጥ ጥይት ይኑር አይኑር የጠየቀ የለም። አበባየሁ ሳይታወቃት ወንድሟን በጀርባዋ ከለለችው።

አላምረው ሁለት ፖሊሶች ከበሩ ውጭ አቁሞ የይታየው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እኔ ቤት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ» ብሎ ጀመረ። «ልጄ በእሱ የስልክ ጨዋታ ካልተጫወትኩ ብላ አሳሬን ታበላኛለች። ኢሙሌተሩን ጫንኩላት፤ አልሄድ አለ። ለካ ፕሮግራሙ እንዲሠራ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባል ነገር ከማሽኑ ከሥረ መሠረቱ፣ ባዮስ ከሚሉት ቦታ ሊበራ ይገባል። አበራሁት፤ ሠራ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደገና እምቢ አለ። ለምን? ባዮሱ የታዘዘውን የሚያስታውስባት የሳንቲም መጠን ያላት ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀኑንም ትእዛዙንም ይረሳል። ሲመለስ ጥቁር ስክሪን አውጥቶ፣ ቀኔ ጠፍቶብኛል፣ ቁልፍ ተጫኑልኝ እያለ ይቆማል።»

«የይታየውም እንደዚያው ነበር» አለ ወንድማገኝ ከእህቱ ጀርባ። «ባትሪዋን ከባሕር ዳር አስመጣለሁ ሲል ነበር። ጠዋት ጠዋት እኛ ሳንገባ ራሱ ያስተካክለዋል።»

«እሷም ስትገባ ያየችው ያንን ጥቁር ስክሪን ነው» አለ አላምረው፣ አበባየሁን እያመለከተ። «ደንግጣ መዳፏን አሳረፈችበትና ማሽኑ ተነሳ። አትመኗት፤ የተከሳሽ እህት ናት። ማሽኑን ግን እዩት።»

ስክሪኑን አበራው። ጥግ ላይ ያለው ቀን ገና ኮሮና እንኳ ያልመጣበት ዘመን ነበር። ኢሙሌተሩን ተጫነ። አንድ ሣጥን ብቅ አለና ቨርቹዋላይዜሽን ስላልበራ መክፈት አልችልም አለ።

«አርብ አመሻሽ መብራት ጠፋ፤ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አለመጥፋቱን ሩት በክትባቷ ትምላለች። ሱቁን እኔ አሽጌዋለሁ። እንግዲህ መብራት ከተመለሰ ወዲህ ቨርቹዋላይዜሽኑን ያበራ ሰው የለም፤ ካልበራ ደግሞ ኢሙሌተሩ አልተከፈተም። መልእክቱ ግን የደረሰው መብራት ከተመለሰ በኋላ ነው። ማን ጻፈው?»

አበጀ ስክሪኑን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«በሌላ ስልክ ተልኮ ቢሆንስ?» አለ መልካሙ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው።» አላምረው ማሽኑን እንደገና አስነስቶ፣ ባዮስ ገብቶ የሚያስፈልገውን አበራ። ኢሙሌተሩ በዚህ ጊዜ ተከፈተ። በቴሌግራሙ ውስጥ የይታየው አድራሻ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር አሳያቸው፤ ያለው ይኸው የኮምፒውተሩ ስልክ ብቻ ነው። «ስለዚህ መልእክቱ እዚሁ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን መብራት ሳይጠፋ ነው። ሰዓት ተሞልቶለት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ሄደ። ገዳዩ እዚህ የነበረው መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ወንድማገኝ አይሱዙ ላይ ነው።»

አበባየሁ የሰማችውን ማመን አቃታት። ወደ አበጀ አየች። እሱ ወንድማገኝን ማየት ትቶ ነበር።

«ይታየው ለወንድማገኝ፣ ማታ ና ብሎ ሲጽፍ በዚህ ሰፊ ስክሪን ላይ ያነበበ ሰው ነበር» ቀጠለ አላምረው። «ልጁ ሲመጣ ደጁ ላይ ይታያል፤ ያኔ መልእክቱ ይደርሳል፤ ጸሐፊው ደግሞ ማኅበር ላይ ከቄስ ጎን ይገኛል። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ኢሙሌተሩ ክፍት ሆኖ ይገኝ ነበር፤ እኔም አምኜ እመለስ ነበር። መብራት ጠፋ። ከማኅበር ተነስቶ እንዳይመለስ ሰው ያየዋል፤ ደግሞም ባትሪዋ መሞቷን አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን የሚያነሳው ይታየው ነበራ!»

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም ብያለሁ!» አለ መልካሙ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማስታወቂያ ሰዓት ሞልቶ መላክ ግን ታውቃለህ። ለምን እንደገደልከውም ማሽኑ ይናገራል።» አላምረው የኢሙሌተሩን ሌላ መስኮት ከፈተ። «እዚህ ሆድ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ አይደለም። ከይታየው ስልክ ሥር ሌሎች አሉ፤ ማሽኑ ሲነሳ ተደብቀው አብረው ይነሳሉ፤ ራሙንም ይበሉታል። ወንድማገኝ ትክክል ነበር። ይታየው አርብ ዕለት ደረሰባቸው።»

አንዱን ከፈተው። ሔለን የምትባል ሴት ለልጃገረዶች ትጽፋለች፤ ትወዳጃቸዋለች፤ ፎቶ ታስልካቸዋለች፤ ከዚያ ፎቶውን ለአባትሽ እልካለሁ እያለች ታስፈራራቸዋለች። አበባየሁ ከዝርዝሩ ላይ የትናየት የሚል ስም አነበበች። የትናየት ጎበዝ ተማሪዋ ናት፤ ከፋሲካ ወዲህ ምክንያቱን ሳትናገር ትምህርት አቁማለች። ቤቷ ሄዳ ብትለምናት ልጅቷ በር ዘግታ ከማልቀስ በቀር ቃል አልወጣትም ነበር።

አላምረው የሔለንን ቁጥር ከስክሪኑ እያየ በራሱ ስልክ ደወለ። የመልካሙ ኪስ ነዘረ።

መልካሙ ወደ በሩ ተወረወረ። በሩ ላይ አበጀ ነበር። ጠመንጃው ከመሬት ተነስቶ የመልካሙ ደረት ላይ ሲያርፍ አበባየሁ ጆሮዎቿን ደፈነች። ቄስ ይግዛው እንዴት እንደደረሱ ማንም አላየም፤ መስቀላቸውን ይዘው በአፈ ሙዙና በመልካሙ መካከል ቆመዋል።

«በእኔ በኩል ነው የምታልፈው» አሉት።

«አባ፣ ዞር ይበሉልኝ!»

«አልልም። ዛሬ ይህን ብትገድል ነገ የእሱ ወንድም እዚያ ግንብ ሥር ይቀመጣል። ልጆችህ በየት ይለፉ?»

የአበጀ ጣት ምላጩ ላይ ቆየ። ከዚያ ማንአለሽ በልቅሶ ቤት ለኢንስፔክተሩ ያንሾካሾከችውን ከተቀመጠችበት ጮክ ብላ ተናገረች።

«ጋሼ አበጀ፣ እኔም ፈርቼ የደበቅኩት አለ። አርብ ምሳ ሲበላ፣ ወንድማገኝን ያለ ጥፋቱ ነው በሰው ፊት የመታሁት፣ ማታ ጠርቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብሎኝ ነበር። ለገዳዩ ወግናለች ትሉኛላችሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

አፈ ሙዙ ቀስ እያለ ወረደ። ፖሊሶቹ ገብተው መልካሙን ያዙት፤ ወለሉ ላይ እየተጎተተ «ሊያዋርደኝ ነበር! ለሽማግሌ እነግራለሁ አለኝ!» እያለ ሲወጣ አበጀ ዞሮ አላየውም። ጠመንጃውን ከፍቶ አንዲት ጥይት አወጣና ለቄሱ ሰጣቸው። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣ።

ሲመለስ ከግቢው ያነሳውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። ወንድማገኝ ፊት ደርሶ እስከ ወገቡ አጎነበሰ።

«ወንድሜ በሰው ፊት መታህ። ይቅርታ ሊልህ ጠርቶህ አላደረሱትም። እኔም ልገድልህ ከትናንት ጀምሮ ደጅህን ስጠብቅ ነበር። ስለ እሱም ስለ እኔም ማረኝ።»

የወንድማገኝ እጆች ገና በካቴና ናቸው። ድንጋዩን ሊያወርድለት ዘረጋቸው፤ ከበደው። አበባየሁ መጥታ በሌላው ጎን ያዘችለት፤ ሁለቱ ከአበጀ ማጅራት አንስተው መሬት ላይ አኖሩት።